የሰብል ምርጫ የሽግግር ማትሪክሶችን በአር ማነጻጸርና በሥዕል ማሳየት፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ማሳዎች የሚስማማ አሠራር

አጠቃሎ

በአንድ ማሳ ላይ ዓምና የተዘራው ሰብል ከዘንድሮው ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ሲቀናጅ የሽግግር ማትሪክስ ይገኛል። የሁለት ቀበሌዎችን ማትሪክስ ጎን ለጎን አስቀምጦ በዓይን ብቻ ማነጻጸር ግን ያሳስታል፤ ጎልቶ የሚታየው ልዩነት የጥቂት ማሳዎች ውጤት፣ እውነተኛው ልዩነት ደግሞ በጠቅላላ ድምር ውስጥ የተሸሸገ ሊሆን ይችላልና። ይህ ጽሑፍ ማትሪክሶች በረድፍ በረድፍ፣ ከማሳ ብዛታቸው ጋር መነጻጸር እንዳለባቸው በአንድ ማሳያ ያስረዳል፤ ለዚሁ የሚሆነውን የአር አሠራርና የሥዕል አመራረጥም ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ የሽግግር ማትሪክስ፣ የሰብል ፈረቃ፣ ካይ ስኩዌር፣ አር፣ ደቡብ ጎንደር

መግቢያ

የደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች የሚወርድ ምድር ነው። ነፋስ መውጫን ማዕከሉ ያደረገው ላይ ጋይንት፣ አርብ ገበያን ያደረገው ታች ጋይንት፣ ወገዳን ያደረገው ስማዳ፣ እንዲሁም መካነ ኢየሱስ የምትገኝበት እስቴ በዚህ ቁልቁለት ላይ የተዘረጉ ናቸው። ገብስ፣ ባቄላና ድንች የሚበቅሉበት ደጋ፣ ጤፍና ስንዴ የሚዘሩበት ወይና ደጋ፣ ማሽላ የሚዘራበት ቆላ እዚህ በአጭር ርቀት ይገናኛሉ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከሚሠራባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸውና አርሶ አደሩ ምን እንደሚዘራ የሚወስነው ውሳኔ የገበያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው።

ስለ ሰብል ምርጫ በየዓመቱ የሚወጣው አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ሰብል የተሸፈነውን መሬት ስፋት ይነግራል። ይህ አኃዝ የሰንጠረዡን ዳር እንጂ ውስጡን አያሳይም። በአንድ ቀበሌ የገብስ ማሳ በሁለት ተከታታይ ዓመታት 100 ሆኖ ቢመዘገብ፣ ያው 100 ማሳ ዳግመኛ ገብስ ተዘርቶበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም 100ውም ወደ ባቄላ ተለውጦ ሌላ 100 ማሳ ወደ ገብስ መጥቶ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው መሬትን ያለ ፈረቃ ማድከም ነው፤ ሁለተኛው ሥርዓት ያለው ፈረቃ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የሽግግር ማትሪክስ ብቻ ነው።

የጽንሰ ሐሳቡ ባለቤት ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬ ማርኮቭ እ.ኤ.አ. በ1913 ዘዴውን ያሳየው በኢትዮጵያ አንባቢ ዘንድ ስሙ እንግዳ ባልሆነው በፑሽኪን የግጥም ልብ ወለድ ላይ ነበር፤ ከ«ዩጂን ኦኔጊን» 20,000 ፊደላትን ወስዶ አናባቢ ተነባቢን፣ ተነባቢም አናባቢን ምን ያህል ጊዜ እንደሚከተል ቆጠረ። ገብስን ባቄላ ምን ያህል ጊዜ እንደሚከተለው መቁጠር በመሠረቱ ከዚያ የተለየ ሥራ አይደለም። ከእንዲህ ያለ ቆጠራ በመነሣት ሁለት ሰንሰለቶች አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ ለሚለው ጥያቄ መደበኛውን ፈተና ያቀረቡት አንደርሰንና ጉድማን ናቸው፤ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1957 ወጣ።

መረጃው ከመቆጠሩ በፊት

የመቁጠሪያው አሐድ ማሳ ነው። እያንዳንዱ ማሳ በመረጃ ሰንጠረዡ አንድ መስመር ይይዛል፤ ዓምዶቹም ቀበሌ፣ የአባወራው ወይም የእማወራዋ መለያ ቁጥር፣ የማሳው መለያ፣ «ካቻምና»፣ «ዓምና» እና «ዘንድሮ» ይሆናሉ። አር የዓምድ ስሞችን በግዕዝ ፊደል ይቀበላል፤ ጠያቂው በመስክ የተጠቀመባቸውን ቃላት ወደ ሌላ ፊደል መገልበጥ አያስፈልግም።

ከቋንቋው ይልቅ አስቸጋሪው የምድብ አወሳሰን ነው። ገብስና ስንዴ ተደባልቆ የተዘራበት ማሳ የት ይመደባል? ከስንዴና ከራይ ተዳቅሎ የተገኘው ትሪቲካሌ ከስንዴ ጋር ይቆጠር ወይስ ለብቻው? በበልግም በመኸርም የሚዘራበት ማሳ ቢኖር የትኛው ወቅት የዓመቱ ምርጫ ይባላል? መልሱ እንደ ጥናቱ ጥያቄ ይለያያል፤ ነገር ግን ለሁለቱም ቀበሌዎች አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በአንዱ ቀበሌ ድብልቁ ከገብስ፣ በሌላው ከስንዴ ጋር ከተቆጠረ በኋላ የሚገኘው ልዩነት የመዝጋቢዎቹ እንጂ የአርሶ አደሮቹ አይደለም። የአስተዳደር ወሰንም እንዲሁ ነው፤ እስቴ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለሁለት ስለተከፈለ ከክፍፍሉ በፊትና በኋላ የተሰበሰበ መረጃ በወረዳ ስም ብቻ ቢቀናጅ የተለያየ አገር ይነጻጸራል። በቀበሌ ማቀናጀት ይሻላል።

የጊዜ ርቀቱም መመሳሰል አለበት። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና በዓለም ባንክ ትብብር በ2004፣ በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት በሁለት ዓመት ልዩነት ወደ እነዚያው ቤተሰቦች የተመለሰ ነው። ከዚህ ዓይነት መረጃ የሚገኘው የሁለት ዓመት ሽግግር ከ«ዓምናና ዘንድሮ» ጥያቄ ከሚገኘው የአንድ ዓመት ሽግግር ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ በታች ካለው ማሳያ በቁጥር ይታያል።

ማሳያ፦ ሁለት ቀበሌዎች፣ አራት ምድቦች

የሚከተሉት ቁጥሮች አሠራሩን ለማስረዳት የተቀመጡ እንጂ ከመስክ የተሰበሰቡ አይደሉም። በእያንዳንዱ ቀበሌ 200 ማሳ አለ፤ ምድቦቹ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ባሕር ዛፍ ናቸው። ባሕር ዛፍ እዚህ የገባው በምክንያት ነው፤ የእርሻ ማሳን ባሕር ዛፍ መትከል በደጋው የተለመደ ምርጫ ሆኗልና።

ቀበሌ ሀ (በቅደም ተከተል ወደ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ባሕር ዛፍ)
ከገብስ፦ 16፣ 20፣ 40፣ 4 (ድምር 80)
ከስንዴ፦ 30፣ 12፣ 15፣ 3 (ድምር 60)
ከባቄላ፦ 15፣ 30፣ 4፣ 1 (ድምር 50)
ከባሕር ዛፍ፦ 0፣ 0፣ 0፣ 10 (ድምር 10)

ቀበሌ ለ
ከገብስ፦ 48፣ 30፣ 36፣ 6 (ድምር 120)
ከስንዴ፦ 20፣ 8፣ 10፣ 2 (ድምር 40)
ከባቄላ፦ 5፣ 3፣ 2፣ 0 (ድምር 10)
ከባሕር ዛፍ፦ 0፣ 0፣ 0፣ 30 (ድምር 30)

በአር ውስጥ ይህን ሰንጠረዥ የሚያወጣው «ቴብል» የተባለው ትእዛዝ ነው፤ መጀመሪያ «ዓምና»፣ ቀጥሎ «ዘንድሮ» ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱ ዓምዶች በ«ፋክተር» ትእዛዝ አንድ ዓይነት የምድብ ዝርዝር ሊሰጣቸው ይገባል። ይህ ካልተደረገ ሁለት ችግር ይፈጠራል። በአንዱ ቀበሌ ያልተገኘ ምድብ ከሰንጠረዡ ይጠፋና ማትሪክሶቹ በመጠን አይገጥሙም። ሁለተኛም አር ምድቦቹን በፊደል ተራ ስለሚደረድር ቅደም ተከተሉ ስንዴ፣ ባሕር ዛፍ፣ ባቄላ፣ ገብስ ይሆናል፤ ዛፉ በሰብሎቹ መካከል ይሰነቀራል። ተራው የአርሶ አደሩን ፈረቃ ወይም የአካባቢውን ከፍታ ቢከተል የሥዕሉ አንባቢ ፈጥኖ ይረዳል።

ቀጥሎ ቁጥሩ ወደ ድርሻ ይለወጣል፤ ለዚህም «ፕሮፖርሽንስ» የተባለው ትእዛዝ ያገለግላል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አቅጣጫ ካልተሰጠው ትእዛዙ እያንዳንዱን ቁጥር ለጠቅላላው 200 ያካፍላል፤ ከገብስ ወደ ባቄላ የሄደው በቀበሌ ሀ 20 በመቶ፣ በቀበሌ ለ 18 በመቶ ሆኖ ይታይና ቀበሌዎቹ አንድ ይመስላሉ። አቅጣጫው 1 ተብሎ በረድፍ ሲካፈል ግን ትክክለኛው ይገለጣል፦ ዓምና ገብስ ከነበሩት ማሳዎች በቀበሌ ሀ 50 በመቶው፣ በቀበሌ ለ ደግሞ 30 በመቶው ወደ ባቄላ ሄደዋል። ገብስን በገብስ ላይ የደገሙት 20 እና 40 በመቶ ናቸው።

የጊዜ ርቀቱ ነገር አሁን ሊሰላ ይችላል። የቀበሌ ሀ ማትሪክስ በራሱ ሲባዛ ከሁለት ዓመት በኋላ ገብስ ወደ ገብስ የመመለስ ዕድል 31.5 በመቶ ይሆናል። አንድ ተመራማሪ ለቀበሌ ሀ የሁለት ዓመት፣ ለቀበሌ ለ የአንድ ዓመት መረጃ ይዞ ቢያወዳድር 31.5 ከ40 ጋር ይገጥምበታል፤ የ20 ነጥብ ልዩነት ከግማሽ በታች ወርዶ ይታየዋል።

የትኛው ልዩነት እውነት ነው?

ሁለቱን የመቶኛ ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ያየ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በገብስ ረድፍ ላይ አይደለም። ከባቄላ ወደ ስንዴ በቀበሌ ሀ 60፣ በቀበሌ ለ 30 በመቶ ነው፤ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ክፍተት ነው። የረድፎች ርቀት በቀመር ቢለካም (የድርሻዎቹ ፍጹም ልዩነት ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል) የባቄላው ረድፍ 0.32፣ የገብሱ 0.20፣ የስንዴው 0 ይወጣል። በርቀት ብቻ የሚመራ ሰው የቀበሌዎቹ ልዩነት በባቄላ ማሳ ላይ ነው ብሎ ይጽፋል።

ይሁን እንጂ በቀበሌ ለ የባቄላው ረድፍ 10 ማሳ ብቻ ነው። ከ10 ውስጥ 3 ለሆነ ድርሻ የዊልሰን ቀመር የሚሰጠው የ95 በመቶ መተማመኛ ክልል ከ11 እስከ 60 በመቶ ይዘረጋል፤ የቀበሌ ሀ 60 በመቶም በዳርቻው ላይ ይገኛል። በካይ ስኩዌር ፈተና የባቄላው ረድፍ 3.76 በ3 የነጻነት ዲግሪ ሲሆን ፒ ዋጋው 0.29 ገደማ ነው። የሚጠበቁት ቁጥሮች እጅግ ትንንሽ ስለሆኑም በአር «ካይስክ ቴስት» ውስጥ የማስመሰል ስሌቱን አማራጭ ማብራት ይገባል። የገብሱ ረድፍ በአንጻሩ 11.05 ያወጣል፤ ፒ ዋጋው 0.011 ነው። ሦስት ረድፎች ስለተፈተኑ መለኪያው 0.05 ለ3 ተካፍሎ 0.017 ቢደረግ እንኳ ልዩነቱ ይጸናል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ የጠቅላላው ፈተና ነው። የአንደርሰንና ጉድማን አካሄድ የረድፎቹን ውጤት ይደምራል፦ 11.05፣ 3.76 እና 0 በድምሩ 14.82 በ9 የነጻነት ዲግሪ። የባሕር ዛፉ ረድፍ በሁለቱም ቀበሌ አንድ መድረሻ ብቻ ስላለው ዲግሪ አይጨምርም። በ5 በመቶ ደረጃ የሚፈለገው 16.92 ነውና ፈተናው «ማትሪክሶቹ ይለያያሉ ለማለት በቂ ማስረጃ የለም» ይላል። በአንድ ረድፍ ያለ ጽኑ ልዩነት ምንም በሌለባቸው ረድፎች ተበርዞ ጠፋ ማለት ነው። በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ልማድ ጠቅላላው ፈተና ቀድሞ ይሠራና ካልጸና ነገሩ እዚያው ይዘጋል፤ ለሰብል ፈረቃ ጥናት ይህ ልማድ የሚመከር አይደለም። የትኛው ረድፍ እንደሚፈተን ግን መረጃው ከመታየቱ በፊት ተወስኖ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ረድፍ እየመረጡ ውጤት መፈለግ ይሆናል።

እስካሁን ማሳዎቹ ራሳቸውን የቻሉ ተደርገው ተቆጥረዋል። በእውነቱ ግን አንድ ቤተሰብ ሦስትና አራት ማሳ ሊኖረው ይችላል፤ በአንደኛው ገብስ ሲተው በሌላው ይዘራል፣ የቤት ፍጆታው አይቀርምና። ስለዚህ ማስተካከያው ማሳን ሳይሆን ቤተሰብን በዕጣ እየደገሙ መምረጥ ነው፦ የቤተሰብ መለያዎቹ በ«ሳምፕል» ትእዛዝ ከነምትካቸው ይወጣሉ፤ የወጡት ቤተሰቦች ማሳዎች በሙሉ ተይዘው ማትሪክሱ ይሠራል፤ ይህም አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይደገማል። ከዚህ የሚገኘው የመተማመኛ ክልል ከላይ ከተሰላው ሊለይ ይችላል፤ የሚታመነው ግን እርሱ ነው።

ሥዕሉ

አር በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጀንትልማን የተጀመረ ነጻ ቋንቋ ነው፤ ለሥዕል በብዛት የሚያገለግለው የሃድሊ ዊክሃም «ጂጂፕሎት ቱ» ፓኬጅ ነው። ለማትሪክስ የሚስማማው ባለ ቀለም ሰሌዳ ሲሆን ትእዛዙ «ጂኦም ታይል» ይባላል። ሁለቱ ቀበሌዎች በአንድ ሥዕል ውስጥ በ«ፋሴት» ተለያይተው ሲቀርቡ አንድ የቀለም መለኪያ ይጋራሉ፤ ለየብቻ ከተሳሉ ግን እያንዳንዱ ሥዕል የራሱን የቀለም መለኪያ ስለሚይዝ አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለቱ የተለያየ ቀለም ሊይዝ ይችላል። መለኪያው ከ0 እስከ 1 ተብሎ መታሰር አለበት። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ድርሻው፣ በረድፉ ስም አጠገብ ደግሞ የማሳው ብዛት ይጻፍ፤ «ባቄላ (10)» የሚለው ጽሑፍ አንባቢውን ከብዙ ማብራሪያ ያድነዋል።

ከሁለት ሰሌዳ ይልቅ ግን አንድ የልዩነት ሰሌዳ ይበልጣል። የቀበሌ ሀ ድርሻ ከቀበሌ ለ ተቀንሶ ዜሮው ነጭ፣ ጭማሪው በአንድ ቀለም፣ ቅናሹ በሌላ ቀለም ይሳላል። አንባቢው በሁለት ሥዕሎች መካከል ዓይኑን እያመላለሰ በጭንቅላቱ እንዲቀንስ አይገደድም። ጥቂት ማሳ ያለው ረድፍ ቀለሙ እንዲደበዝዝ ማድረግም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ያ አሳሳች የ30 ነጥብ ክፍተት በሥዕሉ ላይ የሚገባውን ያህል ብቻ ይታያል። በ«ጂጂአሉቪያል» ፓኬጅ የሚሠራው የፍሰት ሥዕል ማራኪ ነው፤ ስንት ማሳ ከየት ወዴት እንደሄደ በወንዝ ስፋት ያሳያል። ነገር ግን የሚያሳየው ብዛትን እንጂ የረድፍ ድርሻን ስላልሆነ 40 እና 36 ማሳ የሚሸከሙት ሁለቱ የባቄላ ጅረቶች እኩል ሊመስሉ ምንም አይቀራቸው። ለመግቢያ ሥዕልነት እንጂ ለማነጻጸሪያነት አይሆንም።

አንድ ትንሽ ነገር፦ የግዕዝ ፊደል በአር ሥዕል ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቢወጣ ስሕተቱ የመረጃው ሳይሆን የቅርጸ ፊደሉ ነው። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ቅርጸ ፊደል ጭኖ በ«ሾውቴክስት» ፓኬጅ ማስተዋወቅ ይበቃል።

ባሕር ዛፍና ካቻምና

በማሳያው ባሕር ዛፍ የገባ ማሳ አይመለስም፤ በማርኮቭ ሰንሰለት ቋንቋ ይህ ያዢ ምድብ ይባላል። ዛፉ ሲቆረጥ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ግምቱ ከእውነታው ብዙ አይርቅም። መዘዙ ግን አለ። «ማርኮቭቼይን» የተባለው ፓኬጅ የረጅም ጊዜ ስርጭት ሲጠየቅ ለሁለቱም ቀበሌዎች አንድ መልስ ይሰጣል፦ ሁሉም ማሳ ባሕር ዛፍ ይሆናል። ይህ የማትሪክሱ አወቃቀር እንጂ ትንቢት አይደለም፤ ቀበሌዎቹን ለማነጻጸርም አይረዳም። የሚሻለው አንድ የእህል ማሳ ባሕር ዛፍ እስኪሆን በአማካይ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ መጠየቅ ነው። ለቀበሌ ሀ ከ24 እስከ 25 ዓመት ይወጣል፤ ይህም ቁጥር ቢሆን በዓመቱ በተተከለባቸው 8 ማሳዎች ላይ የቆመና የመትከሉ ፍጥነት እንደማይለወጥ የሚያስብ ነው።

ፍጥነት ደግሞ ይለወጣል። በአማራ ክልል ደጋዎች «ቆርምድ» የተባለው የባቄላ በሽታ ከገባ ወዲህ ያለው ከገብስ ወደ ባቄላ የሚደረግ ሽግግር ከበፊቱ ጋር ሊደመር አይገባውም። ዓመታትን ደምሮ አንድ ማትሪክስ ከመሥራት በፊት የየዓመቱ ማትሪክሶች ራሳቸው፣ ቀበሌዎቹ በተነጻጸሩበት መንገድ፣ እርስ በርስ ይነጻጸሩ።

ሌላው ግምት ዘንድሮ የሚዘራው በዓምናው ብቻ ይወሰናል የሚለው ነው። ሦስት ዓመት የሚዞር ፈረቃ ግን ይህን ይጥሳል፤ ዓምና ስንዴ በነበረ ማሳ ላይ የሚዘራው ካቻምና ባቄላ ነበር ወይስ ገብስ በሚለው ሊወሰን ይችላል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ዓምና ስንዴ የነበሩት ማሳዎች ብቻ ተለይተው «ካቻምና» ከ«ዘንድሮ» ጋር በ«ቴብል» ይቀናጃሉ፤ ሁለቱ ተያያዥ ከሆኑ የአንድ ዓመት ማትሪክስ አይበቃም። ለዚህ ነው በመጠይቁ የካቻምናው ዓምድ የተካተተው።

ወደ ገብሱ ረድፍ እንመለስ። በቀበሌ ለ ገብስን በገብስ ላይ የደገመው 40 በመቶ ማሳ ለአንድ የልማት ሠራተኛ ምክር ያለመቀበል ምልክት ሊመስለው ይችላል፤ መልሱም ተጨማሪ ሥልጠና ይሆናል። ማትሪክሱ «ምርጫ» ብሎ የመዘገበው ግን ምርጫ ላይሆን ይችላል። አንድ ማሳ ብቻ ያለው ቤተሰብ ባቄላ ቢዘራ የዓመቱን ገብስ ከገበያ ይገዛል፤ የባቄላ ዘር መግዣ የሌለውም ያለውን ዘር ይደግማል። ስለዚህ የገብሱ ረድፍ በቤተሰቡ የማሳ ብዛት ለሁለት ይከፈል፦ አንድ ማሳ ያላቸውና ከአንድ በላይ ያላቸው። የሁለቱ ቀበሌዎች ልዩነት በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ሲታይ የሚጠፋ ከሆነ ቀበሌዎቹ የሚለያዩት በፈረቃ ልማዳቸው ሳይሆን በመሬት ይዞታቸው ነው፤ ለዚያ ቀበሌ የሚያስፈልገውም ከሥልጠና ይልቅ የዘር ብድር ሊሆን ይችላል። ለሁለት በተከፈለው ረድፍ የማሳው ብዛት ስለሚያንስ የናሙናው መጠን ከመስክ ሥራው በፊት ይህን ታሳቢ አድርጎ መወሰን አለበት፤ በየቡድኑ ያሉት የገብስ ማሳዎች በማሳያው እንደ ባቄላው ረድፍ 10 ብቻ ሆነው ከተገኙ ጥያቄው ሳይመለስ ይቀራል።